የመንቀጥቀጥ ልጅ

እህቴ ጉዝላን ሁለት ስም ነበራት፤ አንዱን አባቴ አወጣላት፣ ሌላውን ሰፈሩ። የሰፈራችን ሴቶች ከሌሎቹ ጉዝላኖች ሊለዩዋት ሲፈልጉ «የመንቀጥቀጥ ልጅ» ይሏታል። እኔ መንቀጥቀጡን አላየሁትም። ስወለድ፣ ከዳማር ከተማ በላይ ባለው ተራራችን የፈረሰው ፈርሶ፣ የሞተው ተቀብሮ፣ የተረፈውም ወደ ድንጋይ ቤቱ ተመልሶ ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ስንጥቁ ብቻ ነው። የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰንጥቆ እጄን እስከ ክርኔ ያስገባ ነበር። ከመንቀጥቀጡ በኋላ መንግሥት ለየቤተሰቡ የብሎኬት ቤት አሠርቶ ሰጥቷል። በእኛ ድርሻ ላማችን ትኖርበት ነበር። አያቴ ሐጃ ቀቡል፣ የአባቴ እናት፣ «በበጋ ይጠብሳል፣ በብርድ ያቆራምዳል፤ ለሰው አይሆንም» ብላ ፈርዳበት ነበር። ላሟ እስክትሞት ድረስ አላማረረችም።

ልጅ የራሱ ሰዋስው አለው። እኛ ዘንድ በዓል ሲሆን የሚጋገር፣ እየተነባበረ ቅቤና ማር የሚፈስበት ዳቦ አለ፤ ቢንት አስ-ሳሕን ይባላል፣ የሳህን ልጅ ማለት ነው። ሳህን ልጅ ካላት መንቀጥቀጥ ለምን አይኖራትም? የሳህን ልጅ ሳህን ላይ ትገኛለች፤ የመንቀጥቀጥ ልጅ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። ለእኔ ያለቀለት ጉዳይ ነበር።

በዚያ ላይ ማስረጃ ነበረኝ። ከምሳ በኋላ አባቴ ጫቱን ይዞ ወደ ወንዶቹ ሲሄድ፣ እናቴ እኔንና ጉዝላንን በአንድ ብርድ ልብስ ታስተኛናለች። ጉዝላን ጀርባዋን ሰጥታኝ ትተኛለች። ትንሽ ቆይቶ ብርድ ልብሱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

«ጉዝላን፣ ምንድን ነው?»

«ምንም። ተኚ።»

«መሬቱ ነው?»

ከዚያ ድምጿ ታፍኖ ይመጣል፦ «አዎ፣ መሬቱ ነው። ተኚ።»

መዳፌን አውጥቼ ወለሉ ላይ አሳርፋለሁ። ወለሉ ጸጥ ብሏል። እንግዲያው መሬቱ እሷ ውስጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። ካደግኩ በኋላ ደግሞ ለብዙ ዓመት፣ ያኔ ታለቅስ እንደነበር እርግጠኛ ነበርኩ።

ያን ሰሞን አያቴ «የመንቀጥቀጥ ልጅ» የሚለውን ስም በቤታችን ከለከለች። ጎረቤቶቻችንንም በየደጃፋቸው እየዞረች አስጠነቀቀች። «ጉዝላን ስም አላት። በስሟ ጥሯት። ሁለተኛ ያን ነገር ከአፋችሁ እንዳልሰማ» አለች። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ነውር ነገር ሆኖ ይሆናል ብዬ ስሙን ብቻዬን ስሆን ለላሟ እየነገርኩ እስቅ ነበር።

በቤቱ ውስጥ ሌላ የሚደጋገም ቃል ነበር፤ ልውውጥ። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ሲናን፣ ሚስት ፈልጓል። ከሸለቆው ማዶ ናጂ የሚባል ሰው እህት አለችው። ናጂ እህቱን ለሲናን ይሰጣል፣ አባቴ ደግሞ ጉዝላንን ለናጂ። «ሴት በሴት ነው፤ ማንም ከማንም ምንም አይጠይቅም» ይል ነበር አባቴ፣ በጣም ያስደሰተው ነገር ይኸው ነበር። እኔ ልውውጥ የማውቀው በዶሮ ነው። አንድ ጊዜ ቀይ አውራ ዶሯችንን በነጭ ለውጠን፣ ነጩ በማግስቱ ሞተ።

«ልጅቷ ገና አልደረሰችም» ስትል ሰማሁ እናቴ፣ ማሽላ እየለቀመች።

«እኔ በእሷ ዕድሜ አንዱን ቀብሬ ሁለተኛውን አዝያለሁ» አለች አያቴ።

«እሺ፣ እሷን ጠይቋት።»

«ተጠየቀች። ዝም አለች። የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው፤ ይኸን ደግሞ እኔ አልፈጠርኩትም።»

እናቴም ዝም አለች። ጠጠሩን ከማሽላው እየለየች ወደ ደጅ መወርወሯን ቀጠለች። በእኛ ቤት ያን ጊዜ ዝምታ ሁሉ ወደ እሺታ ይቆጠር ነበር።

«ኡስታዛ»፣ መምህርት፣ የሚሏት ኢልሃም የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ከዋና ከተማው ከሰንዓ ነው የመጣችው፤ መኪናዋ ዳገቱን አልወጣ ብሎ ከታች ቆሞ፣ እሷ በእግሯ ወጣች። እንደ ሌሎቹ ሴቶች ጥቁር በጥቁር ለብሳለች፤ ከሥር ግን ነጭ የስፖርት ጫማ ብቅ ይላል። ሴቶቹ «የተማረች ናት፣ ስለ ልጆች ታጠናለች» ተባባሉ። እኔ ማጥናት ማለት ቁርአን በቃል መያዝ መሆኑን ነው የማውቀው፤ ልጆችን በቃል መያዝ ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

ሥራዋን ሳየው ግን ገባኝ። በየቤቱ እየዞረች ሴት ልጆችን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ቁመት ትለካለች። ክንዳቸውን በቀለማማ ጥብጣብ ትጠቀልላለች። አፋቸውን አስከፍታ መንጋጋቸውን ታያለች። «ትምህርት ቤት ሄደሻል? ማንበብ ትችያለሽ? ቤት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» ትላለች። አያቴ ደግሞ ከዚያ በፊት ሚስት ፈላጊ ሴት ምን እንደምታደርግ አጫውታኛለች፤ ቁመት ታያለች፣ ክንድ ትጨብጣለች፣ አፍ አስከፍታ ጥርስ ትቆጥራለች። ሌላ ምን ማረጋገጫ ያስፈልጋል? ይቺ ሴት ሚስት ፈላጊ ናት፤ የመጣችውም ጉዝላንን ልትወስድ ነው።

ዛሬ እኔ ራሴ በዚያው ሥራ እንጀራዬን እበላለሁ። በዋና ከተማው ስለ ልጆች ደህንነት በሚያጠና ተቋም ውስጥ ነኝ፤ ጥብጣቡም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። የልደት ወረቀት በሌለበት አገር ዕድሜ የሚገኘው ከጥርስና ከትልቅ ነገር ነው። ያኔ «መንቀጥቀጡ ሲሆን ትድህ ነበር ወይስ ሆድ ውስጥ ነበረች?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ እኛ ዛሬ በሌላ መቅሰፍት እንቆጥራለን። አንዳንድ ቤት ገብቼ ስለካ፣ ከበር ኋላ የሚያፈጥብኝ ትንሽ ዓይን አያለሁ፤ ምን መስዬ እንደሚያየኝ አውቃለሁና ቶሎ ብዬ ጥብጣቡን እጠቀልላለሁ።

በሁለተኛው ቀን ላሟ ዘንድ ገለባ ውስጥ ተደብቄ ስጫወት እናቴና ኡስታዛ ኢልሃም ገቡ። እናቴ በሩን መለስ አደረገችው።

«ውሰጂልኝ» አለቻት።

«ኡም ጉዝላን፣» አለቻት በእናትነት ስሟ፣ «መውሰድማ አልችልም። እኔ አጥንቼ እጽፋለሁ እንጂ ሥልጣን የለኝም።»

«ጽፈሽስ?»

«ለሚወስኑት ሰዎች ይደርሳል። ሕጉ አስራ አምስት ይላል። ዕድሜዋ እዚህ ከተረጋገጠ ቢያንስ ዳኛው ፊት…»

«ዳኛው ከባሌ ጎን ተቀምጦ ጫት የሚቅመው ነው?»

ላሟ ጭራዋን ወዘወዘች።

«አንቺ ብቻ ንገሪኝ» አለች ኢልሃም፣ «መቼ ተወለደች? ከአንቺ አፍ ልስማው።»

«እኔ ከተናገርኩ በዚህ ቤት አላድርም። ከሌላ ስሚው።»

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት «ውሰጂልኝ» የምትለዋን ነው። እናቴ እህቴን እያደለች ነው! ገለባው ውስጥ አፌን ይዤ አለቀስኩ። ጉዝላን ከሄደች ከማን ጋር እተኛለሁ? ደግሞስ እዚያ ሰንዓ፣ ብርድ ልብሱ ሲንቀጠቀጥ መሬቱን የሚነካላት ማን ነው?

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሴቶች እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ክፍሉ ዙሪያውን በሴት ተሞላ፤ የቡና ገለባ በዝንጅብል ፈልቶ በስኒ ይዞራል፣ የውሃው ጋያ በመሐል ይንቦጫቦጫል። ኢልሃም ጥግ ላይ ናት። ትንሽ ቆይቶ ከሸለቆው ማዶ አንዲት ወፍራም አሮጊት እያለከለከች ገባች። አክስት ኸይሪያ ትባላለች፤ የናጂ አክስት መሆኗን እኔ አላውቅም። ከጆሮዋ ኋላ በሶብላ ሰክታለች። ጉንጬን ቆንጥጣ ከረሜላ ሰጠችኝ፣ ወዲያው ወደድኳት።

«ዳገታችሁ ሰው ይገድላል» አለች እየተቀመጠች። «እዚህ የተዳረች ሴት ወደ እናቷ ቤት መመለስ የማያሰኛት በዚህ ነው።»

«አንቺን ያወጣሽ ዳገቱ አይደለም፣ የሐጃ ቀቡል ማር ነው» አለች አንዷ። ሴቶቹ ሳቁ።

ኸይሪያም ሳቀች። ከዚያ ከደረቷ መርፌና ክር አወጣች። «ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ጉዝላን» አለች፣ «ዓይኔ ደክሟል። ይቺን አስገቢልኝ።»

የክፍሉ ወሬ ባንዴ ቀነሰ። ስለ መርፌው አያቴ ለእኔ አልነገረችኝም ነበር። የዓይንና የእጅ ፈተና እንደሆነ ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ያኔ ያየሁት ዓይኗ የደከመ ደግ አሮጊት ብቻ ነው።

ጉዝላን ተንበርክካ መርፌውን ተቀበለች። ክሩን በምራቋ አሾለች። እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክሩ ከመርፌው ዓይን በላይ አለፈ፣ ከዚያ በታች።

«አይዞሽ፣ ቀስ በይ» አለች ኸይሪያ።

በዚህ መሐል ኢልሃም ከጥጉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፦ «ሐጃ፣ ይቺ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው ያሉኝ?»

«አስራ ስድስትን ጨርሳለች» አለች አያቴ ኸይሪያ እንድትሰማ ጮክ ብላ። «መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በእግሯ ሮጣ ነው የወጣችው።»

መርፌው ከጉዝላን እጅ ወደቀ።

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። ኢልሃም ፊት ሄጄ ቆምኩ። «ውሸት ነው!» አልኩ። «እሷን አትውሰጃት! አትሆንሽም። እሷ የመንቀጥቀጥ ልጅ ናት! ሁልጊዜ ያንቀጠቅጣታል። አብሬያት ነው የምተኛው፣ አውቃለሁ። ብርድ ልብሱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኢልሃም የመንቀጥቀጥ ልጅ ሲባል ሰማች፤ ለእሷ በመንቀጥቀጡ ሰሞን የተወለደች ማለት ነው፣ አስራ ሦስት ዓመት። ብዕሯ ወዲያው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ኸይሪያ የሰማችው ግን ሌላ ነው። የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። «ቢስሚላህ» አለች፤ ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች።

«ኡም ጉዝላን፣ ልጅቷን ይጥላታል እንዴ?»

ክፍሉ ሙሉ ሴት የስሙን ትርጉም ያውቃል። እናቴን ሜዳ ላይ፣ በፈረሰ ቤት ትይዩ ምጥ ሲይዛት ጨርቅ የዘረጉት እነሱ ናቸው። አንዷ ብትስቅና «ኧረ የልጅ ወሬ፣ ስሟ ነው» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አንዷም አልተነፈሰችም። አያቴ አፏን ከፈተች፤ ስሙን ለማስረዳት ግን ጉዝላን መቼ እንደተወለደች መናገር ይኖርባታል፣ አሁን አስራ ስድስት ብላ። አፏን ዘጋችው።

እናቴ እኔን አየችኝ፣ ጉዝላንን አየች። ጎንበስ ብላ መርፌውን ከምንጣፉ አነሳችና የገዛ ቀሚሷ ጠርዝ ላይ ሰካችው።

«አላህ የጻፈው ነው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ኸይሪያ ስኒዋን ሳትጨርስ ሄደች። ኢልሃምም በማግስቱ ዳገቱን ስትወርድ እስከ መኪናዋ ተከተልኳት። ጎንበስ ብላ ራሴን ዳሰሰችኝና «ጎበዝ ልጅ» አለችኝ። የተሸነፈች ሚስት ፈላጊ እንዲህ ናት ብዬ ኮራሁ። ጉዝላን ዳነች፤ ያዳንኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከድሌ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። ልውውጡ ፈረሰ። አጎቴ ሲናን ከእኛ ጋር መብላት ተወ። አባቴ ጮኸ፣ ሰሃን ተሰበረ። «በሰው ፊት ቤቴን በሽተኛ አደረግሽው! አንድ ቃል ከአፍሽ ጠፋ?» ሲል ሰማሁት። እናቴ ጨርቋን ቋጥራ ወደ አባቷ አገር ወረደች። «ልትጠይቃቸው ነው» አሉኝ። እኔ ለጉዝላን መድኃኒት ልታመጣ የሄደች መስሎኝ በየቀኑ ስንጥቁ ውስጥ እጄን አስገብቼ ንፋሱን እየዳሰስኩ እጠብቃት ነበር። ማሽላው ታጭዶ እስኪከመር አልመጣችም። ሽማግሌዎች ይዘዋት ሲመለሱ ከስታ፣ መድኃኒትም አላመጣችም። አልቅሼ ሮጬ ተጠመጠምኩባት፤ ወዲያው ግን «የት አለ መድኃኒቱ?» አልኳት። አቅፋኝ ረጅም ጊዜ ቆየች።

ጉዝላን ትምህርት ቤት ተመለሰች። «ማን ሊያገባት፣ ትማር» አለ አባቴ። መምህርቷ ተዛውራ የሴቶቹ ክፍል እስኪዘጋ ድረስ ተማረች። ሁለተኛ ጠያቂ አልመጣላትም። ሠርግ ቤት ሻይ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጥና ይፈሳል፤ ሴቶቹ በሐዘን ስኒውን ይቀበሏታል። የአካባቢው ሙሽሮች ሁሉ የሚለብሱትን ጥልፍ የምትጠልፈው እናታችን ናት ይባል ነበር፣ እኔም ለሰው ሁሉ ያንኑ እናገር ነበር። ከሸለቆው ማዶ ስለነበረችው ልጅ፣ ለሲናን ልትመጣ ስለነበረችው የናጂ እህት፣ በኋላ ጠይቄ ነበር። ለሌላ ሰው እንደሄደች ብቻ ነው የነገሩኝ። ስንት ዓመቷ እንደነበር የጠየቀ አልነበረም።

አምና በከተማው ስለ ጋብቻ ዕድሜ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተናጋሪ ነበርኩ። አንድ ትልቅ ሰው ጺሙን እያሻሸ፣ «የገጠር ልጆች ራሳቸው ይስማማሉ፤ አንዷም እምቢ ስትል አልተሰማም» አለ። የኢልሃምን የድሮ ጥናት አውጥቼ ስለ እህቴ የጻፈችውን አነበብኩለት፦ «የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ። ጋብቻው በሕመም ምክንያት ቀረ። አልተጠየቀችም፤ አልተናገረችም።» ጥቂቶች አጨበጨቡ። ለበዓል አገሬ ስገባ ይህንኑ ለጉዝላን እየኮራሁ ነገርኳት።

በስንጥቁ ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። እናታችን አጠገቧ በመስኮት የገባ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ጆሮዋ ደክሟል። ጉዝላን ጭኗ ላይ የሙሽራ ቀሚስ ዘርግታ እየጠለፈች ነው። ክሩ አለቀባትና ሌላ መዘዘች፤ እኔን እያዳመጠች፣ መርፌውን እንኳ በቅጡ ሳታየው፣ ባንዴ አስገባችው።

«ምን ብላ ጻፈች አልሽኝ?»

«‹አልተጠየቀችም፤ አልተናገረችም› ብላ።»

ሳቀች። «ያቺ ሴትዮ ጥርሴን ብቻ ነው ያየችው ማለት ነው። አንቺም ተቅያ፣ ከድሮ ጀምሮ አፍሽ እንጂ ዓይንሽ አይሠራም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ያን ቀን እጄ የተንቀጠቀጠው ፈርቼ መሰለሽ?»

የሚጠልፈውን እጇን አየሁ።

«አያቴ ነግራኛለች። ‹መርፌ ያስይዙሻል፣ አደራ አታሳፍሪን› ብላ። ከምሳ በኋላ በብርድ ልብሱ ሥር እለማመድ ነበር። ቀላል መሰለሽ? ከበዛ ያስቃል፣ ካነሰ ፍርሃት ይመስላል። አንቺ ደግሞ ‹መሬቱ ነው?› ትይኛለሽ። ሳቄን ስውጥ ልሞት።»

«አታለቅሽም ነበር?»

«ማልቀስማ አለቀስኩ። ግን ለቅሶ ማንን አስጥሏል? አንቺ ባትለፈልፊ ‹ፈሪ ናት፣ ትለምዳለች› ብለው ይወስዱኝ ነበር። በሽታ ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ወደ እናታችን ዞርኩ። ጮክ ብዬ፣ «ኡሚ! ታውቂ ነበር?» አልኳት። ጥያቄው ገብቷት ይሁን አይሁን አላውቅም። «መርፌው ወደቀ፣ አነሳሁት» አለች። «ሌላ ምን አደረግኩ?»

እንባዬ መጣ። ስንት ዓመት ሙሉ ስለዚህች ሴት በአዳራሽ ተናግሬያለሁ! «ታዲያ ለምን አልተውሽውም?» አልኳት ጉዝላንን። «እኔ ከዚህ ከሄድኩ በኋላ፣ አያቴም ከሞተች በኋላ። ያ ሁሉ ሠርግ፣ ያ ሁሉ ሻይ…»

«ብተወው ኡሚ ውሸታም ትሆናለች። ሁለተኛ ጨርቋን ትቋጥር?» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «በኋላ ደግሞ ለመድኩት።»

በሩ ተንኳኳ። የጎረቤት ልጅ ናት፣ ወንፊት ልትዋስ የመጣች፤ ድምጿን ሁለታችንም ለየነው። ጉዝላን ቀሚሱን ፈጥና እናታችን ጭን ላይ አደረገችው። መርፌው ግን እጇ ላይ ቀረ፣ ሲንቀጠቀጥም አየሁት።

«ተይው» አልኳት በሹክሹክታ። «ልጅ ናት። ገና አልገባችም እኮ።»

«እኔ አይደለሁም» አለችኝ።

ቀኝ እጇን በግራዋ ያዘች። ግራውም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። በልጅነታችን ጀርባዋን ስትሰጠኝ ያላየሁት ፊት ይኸው ነበር መሰለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አላውቅም። በሩ ሲንኳኳ ይነሳል፤ እጄ እኔን አይጠይቀኝም።» ዓይኗን ጨፈነች። «ተቅያ፣ መሬቱ ነው በይኝ።»

መዳፌን ወለሉ ላይ አሳረፍኩ። ወለሉ ጸጥ ብሏል።

«አዎ» አልኳት፣ «መሬቱ ነው።»